ዝም የሚል ጨርቅ

ሠላሳ አንድ ዓመት በሩቤ ፋብሪካ
ጨርቅ ነበር ሥራዬ፣ በጣቴ ስለካ፤
ክር የዘለለውን፣ ቋጠሮ ያለበትን
ጣቴ ይነግረኛል ዓይኔ የሳተውን።

ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሱፉም ማሽኑም ሄደ።
ጣቴ ግን አልረሳም፣ ያው እንደለመደ
ያገኘውን ሁሉ ይዳስሳል፦
የሜትሮ ወንበር፣ የሐኪም ካፖርት፣ የሆስፒታል አንሶላ።

በመስከረም፣ ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ፣
ከእምብርቴ በስተግራ አንድ ቀይ አፍ ነቅቶ ጠበቀኝ፤
እርጥብ፣ እንደ ሕፃን ከንፈር፤
እኔ የማላውቀው፣ እሱም የማያውቀኝ።
«ስቶማ ይባላል» አለች ነርሷ ሶሌን።
እኔ ግን ስም አወጣሁለት፦ ሙሴ ዴስሜ።
በወጣትነቴ ያሠራን የነበረ አለቃ ነው፤
ሳይጠይቁት የሚናገር፣
በተለይ ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል።

ሆድ ይፍጀው ይባላል።
የኔ ሆድ ከእንግዲህ ምንም አይፈጅም፣
ምስጢር አያውቅም።

ዛሬ ሶሌን ዝናብ ለዝናብ መጣች፣
ሦስት ካርቶን ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች።
«ምረጪ፣ ጊስሌን።»
ምረጪ? እንደ ቀሚስ? እንደ መጋረጃ?
ሳቄ መጣ። ስስቅ ስፌቴን ያመኛል።

አንደኛው እንደ መስኮት ጥርት ያለ ነው፣
ሆስፒታል የሰጡኝ፣ ሁሉን የሚያሳየው።
ለሐኪም ይበጃል። ለኔ ግን ምኔ ነው፣
ገና ቁርስ ሳልቀምስ
የትናንቱ ምስር ሽቅብ ሲያፈጥብኝ?

ሁለተኛው ሁለት ክፍል ነው፤
ቀጭ ብሎ ይገጥማል እንደ ቅቤ ጣሳ።
ብልህ ነገር፤ ከረጢቱ ሲቀየር ማጣበቂያው አይነሣ።
ግን የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል
ደረቅ ቀለበቱ ሆዴን ነከሰኝ።
ሶሌን፣ እኔ የምጎነበስ ሴት ነኝ፤
ድመት አለኝ፣ የሽንኩርት መደብ አለኝ።

ሦስተኛውን ጆሮዬ ሥር አሸሁት።
ኮሽ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
የድንች ጥብስ ላስቲክ ታጥቄ ልዙር እንዴ?

አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ።
ውጪው ጨርቅ ለበስ፤ ለስላሳ፣ ግን የማያንሸራትት፤
አናቱ ላይ ከሰል ያለበት ትንሽ ማጣሪያ፣
አየሩን የሚለቅ፣ ሽታውን የሚያስቀር።
አሸሁት። ዝም። ደግሜ አሸሁት። ዝም።
«ይህን የሠራው ሰው» አልኩ፣ «ጨርቅ ያውቃል።»

ቅጹ ላይ «ቀለም» ይላል፦ ጥቁር፣ ወይም «የቆዳ»።
የማን ቆዳ? ይህን መልክ ይዞ የተወለደ
ሩቤ ውስጥ አላየሁም።
ጥቁር አልኩ።

ረቡዕ ታጥቄው ካርታ ጨዋታ ሄድኩ።
አራታችን ካርታችን ላይ ባቀረቀርንበት
ሙሴ ዴስሜ ተናገረ።
ረጅም ንግግር፣ እንደ ድሮው፣ መደምደሚያ ያለው።
ጨርቁስ ዝም ብሏል፤ እሱን ማን ዝም ያሰኘው።
ዩጌት ከካርታዋ ቀና ሳትል
«አልፌያለሁ» አለች።
ፌርናንም «እኔም።»
ከዚያ ሳቁ መጣ፤ እንባ እስኪወጣን፣
እኔ በሁለት እጄ ስፌቴን ይዤ።
ለዚህ የሚሆን ከረጢት ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም።

ልኬ ሠላሳ ሁለት ሚሊ ነው።
ሠላሳ ስምንት ነበር፣ እብጠቱ ሳይጎድል።
ቢሰፋ፣ ቆዳዬ ይቃጠላል፤
ቢጠብ፣ ሙሴ ይታነቃል።
«ተቆርጦ የተዘጋጀም አለ» ብላኝ ነበር ሶሌን፤
ለኔ? መቀስ ይዤ ላረጀሁት?
እሑድ ማታ የሳምንቱን አሥራ አራት
ጫፉ በጎበጠ መቀስ እዞራቸዋለሁ፤
ጠርዙን በአውራ ጣቴ አለሰልሳለሁ፣
እንዳይቧጭር።

ትርፍራፊዎቹ ክቦች ሳህን ውስጥ ይቀራሉ።
የጎረቤቴ ልጅ ኢልየስ አይቷቸው
«ምንድን ናቸው?» አለ።
«ምን ይመስሉሃል?»
አሰበ። ወረቀቱን ላጠው። ተጣበቀበት። ደስ አለው።
ከወተት ካርቶን የሠራው መኪና ነበረ፤
አሥራ አራቱንም ጎማ አደረገለት፣
ስምንት ከታች፣ ሌላው መጠባበቂያ፣
አሁን በኮሪደሩ እየነዳው ነው፣
ሞተሩን በአፉ እያጓራ።